ቡና ያልታየበት ደም

በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ በአስተማሪነት ስመደብ፣ በከተማው የሚታወቁት በሽታዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ወባና ስንፍና። ወባን ክሊኒኩ፣ ስንፍናን ቀበሌው ያክማሉ። የኔ ከሁለቱም ስላልነበረ ሰሚ አጣሁ። ቡና ስጠጣ ፊቴ ያብጣል፣ ገላዬን ያሳክከኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል።

ጎረቤቴ ከወሎ መጥታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት የከፈተች ሙስሊም ነበረች። በመጣሁ በወሩ ወባ ሲጥለኝ ያስታመመችኝ እሷ ናት። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ጠርታኝ ቡናዋን ስመልስ ምን ታስብ? ያን ጊዜ ቡና አብቃዩ አገራችን ለውጭ ምንዛሪ ሲል ቡናውን ከገዛ ሰዉ ይደብቅ ነበር፤ ከሐረርጌ በኬላው በኩል አንድ ኪሎ ማሳለፍ ጠመንጃ የማሳለፍ ያህል ያስጠይቃል። እሷ በቀሚሷ ስር ሸሽጋ ያሳለፈችውን ነው እንግዲህ እኔ «ይቅርብኝ» የምለው።

«የእስላም እጅ ስለነካው ነው ወይ፣ እቱ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ሐኪም ይመስክርልኝ ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ። በሐኪም ቦታ የሚሠራው ድሬሰር ታሪኬን በጥሞና ሰማኝ።

«ጓድ መምህርት፣ ቡናውን ጠጥተው ይምጡ። ደምዎ ውስጥ ትኩስ እያለ ልየው።»

የሳይንስ ፍቅሩ አስደነቀኝ። ግማሽ ሲኒ ጠጥቼ እያከክሁ ተመለስኩ። ጣቴን ወጋ፣ ደሜን መስታወት ላይ ቀባ፣ ለወባ በተገዛችው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነበሰ።

«ወባ የለብዎትም» አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎም በሙሉ ኃላፊነት፣ «ቡናም አልታየም» ሲል ጨመረ።

ድሬሰሩ ሻይ የሚጠጣው እሷው ቤት ስለሆነ ውጤቱ ከኔ ቀድሞ ደረሰ። «ደምሽ ንጹሕ ነው አሉ» አለችኝና ወደ ጓዳዋ ገባች። ምስክር ፍለጋ ሄጄ በራሴ ላይ አስመሰከርኩ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋ አጠረ፤ እኔን ደግሞ አዋሽ ጠበበኝ። እሷን ማጣት ከወባው ይልቅ አስፈራኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሳልጠራ ገባሁና ሲኒ አንስቼ አቦሉንም ቶናውንም ጠጣሁ። በረካው ሳይቀዳ ዓይኖቼ ተደፈኑ፤ ትንፋሼም ይቆራረጥ ጀመር። «ያ አላህ!» ስትል ሰማኋት። መንገዱን ግማሹን ደግፋ፣ ግማሹን አዝላ ክሊኒክ አደረሰችኝ። ድሬሰሩ ቀና ብሎ ሳያየኝ ጣቴን ያዘ፤ ሊወጋ።

«ተው ጣቷን!» ብላ ጮኸችበት። «ደሟን አይተኸዋል፤ እስቲ ፊቷን እይ!»

ድሬሰሩ የወጋኝ መድኃኒት እብጠቱን እስኪያወርደው ድረስ ራስጌዬ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ቡና ሲፈላ መጠራቴ አልቀረም። ሲኒዬን ሙቅ ውሃ ትሞላና፣ ከቀበሌ በራሽን ከምታገኘው ስኳር ጨምራበት ከሌሎቹ ጋር ታቀርበዋለች። እንግዳ ሰው ምን እንደሆነ ከጠየቀ «የሷ ቡና ነው» ትላለች። አዋሽ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ በረካዬን ሳልጠጣ ከቤቷ ወጥቼ አላውቅም።