ጎታው ላይ ያለው ቆሎ አይበላም

እንግዳ ቆሎ ከለከለች ተባልኩ። ቢቸና ውስጥ ስለ አንዲት አሮጊት ከዚህ የከፋ ብዙ ነገር አይወራም። ቤቴ የገባ ሰው ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው ያወሩት። ወሬው ሞጣ ድረስ ሄዶ ልጄን ከሱቁ አስነሥቶ ስላመጣብኝ፣ ነገሩን እንደ ሆነው አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ።

የልጄ ሴት ልጅ እኔ ዘንድ ከመጣች ቆይታለች። ሞጣ ተወልዳ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ቢቸና መድኃኒት ቤት ሥራ ስላገኘች ነው የመጣችው። ከዕቃዋ መካከል አንድ የካርታ ሳጥን ነበረ፤ ዶርም አብራት የኖረች ልጅ ስትለያት የሰጠቻት ነው። ኔትወርክ የጠፋ ሰሞን ስልኳን ስታገላብጥ ሰለቻትና አንድ ከሰዓት በኋላ፣

«እማማ፣ ካርታ ላስተምርዎት?» አለችኝ።

«ቁማር ነው?»

«አይደለም። ብር የለበትም።»

«እንግዲያው አምጪው።»

ካርታዎቹ ሰው የሚያውቃቸው ዓይነት አይደሉም። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሥዕል አለ፤ ዘንዶ፣ ጋሻ የያዘ ሰው፣ ጫካ፣ እሳት። ከሥዕሉ በታች ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። እንግሊዝኛዬ ዝጓል እንጂ አልጠፋም። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ያልገባኝን ጠየቅሁ።

ጨዋታው የሁለት ሰው ነው። ሁለቱም በሃያ ነፍስ ይጀምራሉ፤ የሌላውን ነፍስ የጨረሰ ያሸንፋል። መሬት የሚባሉ ካርታዎች አሉ። በተራሽ ከመሬትሽ ኃይል ታወጫለሽ፤ በኃይሉ አውሬ ትጠሪያለሽ ወይም እሳት ትወረውሪያለሽ። ያልሠራሽበት ኃይል ግን አያድርም፤ ተራሽ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ይህ አናደደኝ።

«ይኼማ ብክነት ነው» አልኳት።

«ለሱ መድኃኒት አለው» ብላ ከክምሩ አንድ ካርታ መዘዘች። ሆዱ የሰፋ፣ አፉ የጠበበ የነሐስ ዕቃ ተሥሎበታል። «አርቲፋክት ይባላል። ቅርስ ማለት ነው።»

«ቅርስ መርጡለ ማርያም ሄደሽ እይ። ይኼ ጎታ ነው» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ ጎታ ሆነ።

ጎታው የሚሠራው እንዲህ ነው። በተራሽ ከኃይልሽ አንዱን ትከፍይለታለሽ፣ ካርታውን በጎኑ ታጋድሚዋለሽ፣ አንድ ፍሬ ላዩ ላይ ታስቀምጫለሽ። የተጋደመ ካርታ ለዚያ ዙር ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ተራው ዞሮ ሲመጣ ታቀኚውና ሌላ ፍሬ ትጨምሪበታለሽ። ፍሬው እንደ ተራ ኃይል አይጠፋም፤ እስክትፈልጊው ይቆያል። የቸገረሽ ዕለት የፈለግሽውን ያህል ታነሻለሽ፤ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ኃይል ይሆናል። ለማንሣት ካርታውን ማጋደም አያስፈልግም፤ በሌላው ሰው ተራም ማንሣት ይቻላል።

ጉዳቱ ደግሞ ጎታ የሚሰብሩ ካርታዎች መኖራቸው ነው። ጎታው ከተሰበረ ላዩ ያለው ፍሬ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። እዚህ ላይ ልጅቱን አስቆምኳት።

«ሲሰበር ቁጭ ብዬ ነው የማየው?»

«አይደለም። 'ሰብሬዋለሁ' ሲልዎት፣ ከመሰበሩ በፊት 'ቆይ' ብለው መመለስ ይችላሉ። ፍሬውን ሁሉ አንሥተው ይሠሩበታል። ግን የሚሠሩበት ካርታ እጅዎ ላይ ከሌለ ያነሡት ኃይል እንዲሁ ይጠፋል።»

ይህ ደንብ ደስ አለኝ። የሚከማች ነገር የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ሲመጡበት ምን እንደሚያደርግበት አስቀድሞ ያሰበ ግን ጥቂት ነው።

ለፍሬ የሚሆኑ ትንንሽ የብርጭቆ ጠጠሮች ከሳጥኑ ጋር ነበሩ አሉ፤ ጠፍተዋል። አዝራር ሞከርን፤ ይንሸራተታል። ጠጠር ካርታውን ይቧጭራል። የሽምብራ ቆሎ ግን የተቀመጠበት ይረጋል፣ ከቤትም አይጠፋም። ጥፋቴ ይህ ከሆነ ጥፋቴ ይህ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጨዋታ ላይ ሳለን የባለቤቴ የአጎት ልጅ ገቡ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ እንኳ እየመጡ የሚጠይቁኝ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ተቀመጡ። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ደጀን ላይ መንገድ ስለ ዘጋ የጭነት መኪና እያወሩ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰደድ አደረጉና ከጎታዬ ላይ ሦስት ፍሬ ዘግነው አፋቸው ከተቱ። ጎታው ላይ የነበረው ስድስት ነው። ዳግመኛ ሲሰዱ እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ እሱ አይበላም።»

«ምነው፣ መርዝ ነክቶታል?»

«የለም። ጎታ ላይ ያለ ነው።»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ጎታ ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለበሽተኛ እንደሚናገሩት። ልጅቱ ላስረዳ ብላ ሳቅ አፈናት፤ ያ ባሰ። እኔም ተነሥቼ ሳህን ማምጣት ሲገባኝ፣ ወደሷ ዞሬ «ሦስቱን ልመልሳቸው ወይስ እንደ ተበሉ ይቆጠሩ?» ስል ሰሙኝ።

ከዚያ በኋላ ቆሎ በሳህን ሞልቼ ባቀርብም አልነኩልኝም። «ይቅርብኝ እህቴ፣ ቆጥረሽ ያስቀመጥሽውን አላጎድልም» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ወሬ እግር አለው ይባላል፤ ይኼኛው መኪና ነበረው። ሞጣ ሲደርስ እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሎ ስቆጥር እውላለሁ፣ የሌለ ጎታ ይታየኛል፣ የእንግዳ እጅ ይዤ ከአፉ እነጥቃለሁ።

ልጄ ከልጅነቱ ጀምሮ አንቺ ነው የሚለኝ። የመጣ ዕለት ግን ከበሩ ላይ «እንደምን ዋሉ» አለኝ። አንቱታ ይዞ ሲመጣ ነገር ይዞ እንደመጣ አወቅሁ። ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ጀመረ።

«ሞጣ ክፍል አዘጋጅቻለሁ። ይህን ቤት እናከራየዋለን።»

«ክፍሉ ለማን ነው?»

«ለእርስዎ ነዋ።»

«እኔ ክፍል አልጠየቅሁም።»

«ብቻዎን መኖር አይችሉም። ሰው የሚለውን ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ንገረኝ።»

አፈረ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። «ጃጅታለች ነው የሚሉት።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ልጅቱ ቀድማው ጣልቃ ገባች። «አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው! እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«አንቺ ዝም በይ። ይህን የአውሬ ሥዕል አምጥተሽ የሰው እናት መሳቂያ ያደረግሽ አንቺ ነሽ።»

እኔ ልጅ ሳለሁ መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰን ገበጣ እንጫወት ነበር። ዛሬም ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በጠጠር ገበጣ ሲጫወቱ ያመሻሉ። የጠጠር ቁጥር ሲሳሳቱ ይጣላሉ፣ ሦስት ቀንም ይኮራረፋሉ። ጃጁ ያላቸው ግን የለም። አዋቂ ናቸው ነው የሚባሉት። የእኔ ጠጠር የሚበላ በመሆኑ ብቻ ከቤቴ የምወጣበት ምክንያት አልታየኝም። ቤቱ ቤቴ ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልሰጠሁትም፤ እዚህም አልጽፍም።

«ተቀመጥ» አልኩት። «መኪናው እንደሆነ ሄዷል፤ ማደርህ አይቀርም። ጃጅቼ ከሆነ እኔን ማሸነፍ አያቅትህም።»

ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ልጅቱ ሁለት ክምር ካርታ አዘጋጅታ ለሁለታችን ሰጠችን። «እኔ ለማንም አላግዝም» ብላ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ቆሎ በሳህን ሞልቼ በቀኙ አስቀመጥኩለት፤ ጥቂት ደግሞ ከኔ በኩል።

«ከሳህኑ ብላ። ጎታው ላይ ያለውን አትንካ።»

«እሺ» አለ፣ ፊቱን ሳያነሣ።

ልጄ ነጋዴ ነው፤ ደንብ አንዴ ከነገሩት ይበቃዋል። ትንሽ ቆይቶ ኮቱን አወለቀ። አውሬ በአውሬ ላይ እየጠራ ነፍሴን ይሸራርፈው ጀመር። እኔ ደግሞ አንዲት ዘበኛ ብቻ ጠርቼ፣ በሷ ነፍሱን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ በየተራዬ ጎታዬን ሞላሁ። እጄ ላይ አንድ የእሳት ካርታ ነበረኝ፤ የሰጠሽውን ኃይል ያህል የሚያቃጥል ነው። ጎታው ላይ ስምንት ፍሬ ሆነ። ልጄ ማኘክ አቁሞ እሱን እሱን ማየት ጀመረ።

በተራው አንድ ካርታ አነሣ። አቀረበው፣ አራቀው፣ ዓይኑን አጠበበ። መነጽር አላመጣም።

«ይኼ ምን ይላል? ፊደሉ ደቋል» ብሎ ዘረጋልኝ። ለኔ፣ ለባለጋራው። ልጅቱ ለመነሣት አልደረሰችም።

መነጽሬን አስተካክዬ አነበብኩት። «አንድ ጎታ ይሰብራል ይላል።»

«የማንን?»

«የፈለግከውን። ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን የእኔው ብቻ ነው።»

«ሌላ ነገር ብትይኝ አላውቅም ነበር እኮ።»

«አላልኩህም።»

ካርታውን መልሶ ወሰደ። አመነታ፤ ግን ነጋዴ ነው፣ ጣለው። «እንግዲያው ሰብሬዋለሁ።»

«ቆይ» አልኩት።

ስምንቱንም ፍሬ አንድ በአንድ እያነሣሁ መዳፌ ላይ አኖርኩ። እሳቱን ጣልኩ። «ስምንት ያቃጥልሃል። ነፍስህ ስንት ነው?»

ልጅቱ ነፍሳችንን ከምትመዘግብበት ወረቀት አነበበች። «ዘጠኝ።»

አንድ ጎደለ። የት እንዳጎደልኩት አውቃለሁ፤ ዘበኛዋን በጠራሁበት ተራ ለጎታው የሚከፈል ኃይል አልተረፈኝም ነበር። በሚቀጥለው ተራው አውሬዎቹን ሁሉ ላከብኝና ነፍሴ አለቀ።

ልጄ በአንድ ነፍስ ተርፎ በማሸነፉ ጠረጴዛውን መትቶ ተነሣ፤ የሞጣ ሱቁንም ዕድሜውንም ረስቶት ነበር። በኋላ ግን የመጣበት ትዝ አለውና ፊቱን አጠነከረ።

«በል እንግዲህ፣ ጧት እንነሣለን። ዕቃሽን አዘጋጂ።»

«ወዴት ነው የምንነሣው?»

«አሸነፍኩሽ እኮ!»

«መቼ ተወራረድን? ውርርድ ቁማር ነው። እናቴ ካርታ ተጫወተች ብለህ ልትቆጣ መጥተህ አንተው በእናትህ ልታቆምር ነው?»

ልጅቱ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

«ጃጅቼ ከሆነ ማሸነፍ አያቅትህም አልኩ» አልኩት። «ካሸነፍከኝ እሄዳለሁ አላልኩም። ያልኩትን አስታውሳለሁ። አንተ ነህ የረሳኸው።»

ተቀመጠ። ካርታዎቹን ሰብስቦ ጫፋቸውን አስተካከለ። «ለምን እውነቱን ነገርሽኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ።»

መዳፌን አየ። ስምንቱ ፍሬ እዚያው ነበሩ። «ከጎታው ከወጣስ በኋላ ይበላል?»

«ይበላል።»

እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። ጧት በመጀመሪያው መኪና ብቻውን ተመለሰ። ሲሳፈር «ክፍሉስ?» አለኝ። «እንግዳ አሳድርበት» አልኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ የባለቤቴን የአጎት ልጅ ጠራሁ። «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ቤት ቆሎ ይበላሉ» አልኳቸው። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። የሰሙት ዞር ብለው አዩን። ሽማግሌው እምቢ ማለት አልሆነላቸውም፤ መጡ።

ጠረጴዛው እንደ ወትሮው ነበር። ካርታውን አላነሣሁም፣ በጨርቅም አልሸፈንኩም። ሳህኑን ሞልቼ በፊታቸው አስቀመጥኩ። ጎታዬ አጠገቡ፣ አምስት ፍሬ ተሸክሟል። እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«የትኛው ነው የሚበላው?»

«የሳህኑ።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው ሥራ ላይ ነው።»

ልጅቱን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የዚህ ዘመን ጎታ ደግሞ ከነባለቤቱ ጉድ ነው» አሉና ከሳህኑ ዘገኑ። ተራው የእኔ ነበረ። ካርታውን አጋደምኩ፤ አንድ ፍሬ ጨመርኩበት።