የሙታን ኮቾሮ

አብተው ወልደሰማያት የሰኮሩ ከተማ ልጅ ነው። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሰ ጅማ ገብቶ በአንድ ቡና መቀሸሪያ ቤት የጆንያ ክብደት ሲጽፍ ኖረ። በ1969 ዓ.ም. ቀበሌው ለእናት አገር ጥሪ ሚሊሺያ ሲመለምል እሱም ተያዘ። የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ከጠመንጃው ላይ እስክሪብቶ ጨምረው የሻምበሉ ጸሐፊ አደረጉት።

ክፍለ ጦሩ የዘመተው ወደ ሰሜን ነው። የጸሐፊ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ በየማለዳው ስንት ሰው እንዳለ፣ ስንት እንደቆሰለ፣ ስንት እንደሞተ ጽፎ ወደ ላይ መላክ። ቀለቡም የሚመጣው በዚያ ወረቀት ልክ ነበር። እናም አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነበራቸው፤ ሰው ሲሞት ወዲያው አይሞትም። ስሙ ጥቂት ቀን ከሕያዋን ጋር ይሰነብታል፤ ኮቾሮውን፣ ያንን እንደ ድንጋይ የደረቀ የወታደር ብስኩት፣ የቀሩት ይካፈሉታል። ነውር ነው ያለ አልነበረም። የራበው ሰው ስለ ነውር አያወራም።

በ1970 አንድ ራቁት ኮረብታ ሲይዙ አሥራ አንድ ሰው ሞተባቸው። አብተው ሁሉንም "አሉ" ብሎ ጻፈ። አንዱ አብሮት ከጅማ የተመለመለው የአወቱ መንደራ ሰፈር ልጅ ሙሐመድሳኒ ነበር። አብተው በገዛ እጁ ቀበረው፤ በማግስቱ ኮቾሮውን በላ። ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። በዘጠነኛው ጠላት ኮረብታውን አስለቀቃቸው፤ አብተውም እግሩን ተመቶ ሆስፒታል ገባ። አለቆቹ የተረፈውን ሰው ቆጥረው ከመጨረሻው ወረቀት ጋር ሲያስተያዩ እነዚያ አሥራ አንዱ ጎደሉ። ትናንት ነበሩ፣ ዛሬ የሉም፣ ሲሞቱ አየሁ የሚልም አልተገኘም፤ እንግዲያው ከድተዋል ተባለ። የሚያውቁት ሁሉ አፋቸውን ያዙ፤ የበሉትም እነሱው ነበሩ። አብተው ከሆስፒታል ሲወጣ ነገሩ አልቆ ነበር። በጦርነት መካከል በቀለብ ያጭበረበረ ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ፈራ፣ ዝምም አለ።

እያነከሰ ጅማ ተመልሶ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነ። የሙሐመድሳኒ እናት እማማ መሪማ በቀበሌው "የከዳተኛ እናት" ይባሉ ነበር። አብተው በሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

በ1976 ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የክፍለ ጦሩ የጦርነት ታሪክ ይታተም ተባለ። አዘጋጁ፣ ሣህሉ የሚባል የፖለቲካ ሹም፣ ጅማ መጥቶ "አንተ ስለነበርክበት እያረምክ ታይፕ አድርግልኝ" ብሎ ረቂቁን ሰጠው። የኮረብታው ምዕራፍ ላይ አሥራ አንድ ከዳተኞች ከነስማቸው ተዘርዝረዋል። አብተው ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ፊደል መምታት አቃተው። በሦስተኛው ቀን፣ ገጹን ከማረሜ በፊት እናትየው መስማት አለባቸው ብሎ ወደ አወቱ መንደራ ሄደ።

እማማ መሪማ ደጃፋቸው ላይ ኮረሪማ ይፈለፍሉ ነበር። ሁሉንም ነገራቸው፤ ወረቀቱን፣ መቃብሩን፣ ኮቾሮውንም ሳይቀር። እጃቸውን ከኮረሪማው አላነሱም።

"የከዳ ሰው ሱዳን ይገባል ይላሉ" አሉ በመጨረሻ።

"እማማ፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ።"

"ያ ረቢ። ስንት ቀን በላችሁበት?"

"ስምንት ቀን።"

"ለሆዳችሁ ስትሉ ስምንት ቀን አኖራችሁት። ለእኔ ስድስት ዓመት ኖሯል፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። የከዳተኛ እናት ሲሉኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ የከዳ ሰው በሕይወት አለ ብዬ። አሁን መጥተህ አትግደልብኝ።"

"ስሙ ይነጻል እኮ፣ ጀግና ይባላል። እርስዎም ጡረታ ያገኛሉ።"

"ጀግናውን ለሌላ እናት ስጥ።"

አብተው ሸክሙን ሊያራግፍ ሄዶ ጨምሮበት ተመለሰ። ተናደደባቸው፤ ቤቱ እስኪደርስ ንዴቱ ወደ ራሱ ዞረ።

በማግስቱ ሣህሉ ፊት ቆሞ የሙታኑን ቀለብ ነገር ተናዘዘ። ሣህሉ ሳቀ። ከዳተኛ ቀንሶ ጀግና ሲበዛለት የሚጠላ የፖለቲካ ሹም የለም። ስድስት ዓመት የተፈራው ነገር በዚያ ሳቅ አለቀ።

"በል ወደ ተሰዉት አዛውራቸው" አለው።

አብተው ገጹን መትቶ አቀረበ። ሣህሉ ስሞቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ወደ ተሰዉት የተጨመሩት አሥር ናቸው።

"ይሄ ሙሐመድሳኒ የሚባለውስ?"

"እሱ ከድቷል" አለ አብተው። "ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።"