በእህል በረንዳ የክፍተት ቅጽ ያስሞላሁበት ቀን

ስልጠና እንደ ጠበል በሚረጭበት በዚያ ዘመን፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት የስልጠና ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ማለት ቅጽ የሚያስሞላ ማለት ነው። አለቃዬ መርካቶን በመኪና መስኮት የሚያውቅ፣ «የአመለካከት ችግር» ሳይል ውሎ የማያድር ሰው ነበር። በማኅበር የተደራጁት የእህል በረንዳ ጫኝና አውራጆች ምን ስልጠና እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቄ እንድመጣ ላከኝ። ርዕሱ ግን አስቀድሞ ተወስኗል፤ የደንበኛ አያያዝ። ኩንታል ጤፍ የተሸከመ ሰው ፈገግ እንዲል ልናስተምረው ነው።

መጋዘን ውስጥ አንድ አንጋፋ አውራጅ አገኘሁ። «ጋሼ፣ በሥራችሁ ላይ ምን ክፍተት አለ?» አልኳቸው፣ ከቅጹ ላይ እያነበብኩ።

ጣሪያ ሊነካ የደረሰውን የጆንያ ክምር ቀና ብለው አዩ። «ክፍተትማ ሞልቷል። እነዚህ ከገጠር የመጡት አዲሶቹ ጆንያውን ዝም ብለው ይቆልሉታል፣ እንደ ጡብ አያያይዙትም። የእህቴ ልጅም አንዱ ነው። ክፍተት ያለው ክምር ደግሞ ይናዳል። አንድ ቀን ሥራ አስፈቱልኝና እኔው ላሳያቸው።»

ቃል በቃል ጻፍኩት። አለቃዬ አንብቦ እስኪያስለው ሳቀ። «ጥያቄው አልገባቸውም እኮ! የክህሎት ክፍተት ስንል የጆንያ መሰላቸው።» ሰረዘውና የራሱን ጻፈበት። እኔም አንገቴን ደፍቼ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩለት። አድርባይነት ስልጠና አይፈልግም፤ ሳይማሩት የሚያውቁት ሙያ ነው።

በስልጠናው ቀን አሠልጣኙ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» እያለ ሲደጋግም ግማሹ ሰው አንቀላፋ። ሽማግሌው ግን የክምሩ ነገር እስኪነሳ ከፊት ተቀምጠው ጠበቁ። ለስላሳ ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሪፖርት ተላከ።

ወር ሳይሞላ ክምሩ ተናደ። የእህታቸው ልጅ ከሥር ነበር፤ ወገቡ ተሰበረ። እኔ ይህን የሰማሁት ስልጠናው ያመጣውን ለውጥ የሚመዝን ሌላ ቅጽ ይዤ መጋዘኑ በሄድኩ ቀን ነው። አፈርኩ። ቅጹን ግን ከእጄ አልጣልኩትም።

«ልጄ፣ ያ የነገርኩህ ነገር ከምን ደረሰ?» አሉኝ።

«እየታየ ነው፣ ጋሼ።»

አመኑኝ። «ቶሎ እንዲያዩት ንገርልኝ» አሉ፤ «ዛሬም አዲሶች ገብተዋል።»