በደጃቸው ያላለፈው መንገድ

ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ብስክሌት መንዳት መቼ እንደተማርኩ እንኳ አላስታውስም። በደርግ ጊዜ በልማት ሠራተኝነት ወደ ዓለም ጤና ከተማ ዙሪያ ስመደብ አለቃዬ ከወንበሩ ሳይነሳ «የናዝሬት ልጅ ነህ፣ ብስክሌት ታውቃለህ፤ የመንገዱን ሥራ አንተ ያዝ» አለኝ። በቃ፣ የሙያ ፈተናዬ ይኸው ነበር። መንገድ ሲል የመኪና ማለቱ አልነበረም። ገበሬው ከተበተነበት ተነስቶ በመስመር በተሠሩ አዳዲስ መንደሮች እንዲሰፍር የተደረገበት ዘመን ነው። መንደሮቹ ተሠሩ፤ አንዱን ከሌላው፣ ሁሉንም ደግሞ ከክሊኒኩ፣ ከትምህርት ቤቱና ከወፍጮ ቤቱ የሚያገናኝ ነገር ግን አልነበረም። የድሮው የእግር መንገድ የሚወስደው ወደ ፈረሱት ቤቶች ነበር። ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን፣ እርስ በርሱ የተያያዘ መንገድ አውጣ ተባልኩ።

ሥራውን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም። ኑሮው ግን ገደለኝ። ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲሳሳቁ የቆዩ ሰዎች እኔ ስደርስ ጸጥ ይላሉ። «ጓድ» ብለው ይነሱልኛል፤ ከዓይናቸው እስክጠፋም አይቀመጡም። የመንግሥት ሰው ነኛ! በሃያ ምናምን ዓመቴ ሽበታም ሽማግሌ ተነስቶ ሲያሳልፈኝ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ለማንም ማስረዳት አልችልም። ሳምንት ሙሉ ከትእዛዝና ከ«እሺ» በቀር ሌላ ቃል ሳልሰማ የማሳልፍበት ጊዜ ነበር። ብስክሌቴን አነጋግር ነበር ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ሳቁ።

«ልጄ» የሚሉኝ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አርሲ ነገሌ ገብተው እዚያው ቀርተዋል። መንደር ሲመሠረት እሳቸው «ከዚህ አልነሳም» ብለው እምቢ አሉ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ዕድሜያቸውን አይቶ ዝም አላቸው። ጎጇቸው ሜዳው ላይ ብቻዋን ቀረች። ቢሆንም አሮጌው መንገድ በደጃቸው ጥምዝ ብሎ ያልፍ ስለነበር ሰው አልጠፋባቸውም። በዚያ አገር በደጅ የሚያልፍ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ቆሞ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ጤና ይጠያየቃል። እሳቸው ደግሞ በቅል ውሃ ያወጡለታል። እኔም በየቀኑ ከብስክሌቴ እወርድና በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደሩ እላቸዋለሁ። «የከተማ ልጅ፣ አፍህ ውስጥ ጠጠር አለ እንዴ?» ብለው ይስቁብኛል። ያችን ሳቅ ለመስማት ስል ያለጉዳይ በዚያ የተመላለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ሌላም ልማድ አለ። ከመንገድ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ ይባላል። እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ሳይቀምስም አይነሳም፤ ስለዚህ ማንም ያለምክንያት ወደ ማንም ቤት አይታጠፍም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ችካሌን ስተክል ግን አላሰብኩትም።

ገመድ ወጥሬ፣ ኖራ በትኜ፣ ለየመንደሩ ድርሻውን ከፋፍዬ ሰጠሁ። ሰዉ ቁጥቋጦውን መነጠረ፤ የግራር እሾህ ጎማ እየበሳ ስላስቸገረ በየሳምንቱ የሚጠርግ ቡድን ተመደበ። ያ በአሮጊቷ ደጅ የሚዞረው ጥምዝ ብቻ ዓይኔን ወጋኝ። ቀጥ ባደርገው ወደ ክሊኒኩ የሚሄድ በሽተኛ ሩብ ሰዓት ያህል ያተርፋል። ቀጥ አደረግሁት። አሮጌው መንገድም ታረሰና እርሻ ሆነ።

ምስጋናውን ብታዩት! ሽንኩርት በብስክሌት ጭነው የሚያልፉ ሰዎች ከሩቅ እጃቸውን ያነሱልኝ ጀመር። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንዱ እንዲያውም ቀልድ ነገረኝ። በመጨረሻ ከሰው ተቆጠርኩ አልኩ። በአዲሱ መንገድ ስበር ያቺን ጎጆ ከሩቅ አያታለሁ፤ ነገ ብቅ እላለሁ እያልኩ አልፋለሁ። ነገ ነገ ስል ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ልቤ እምቢ አለኝና ብስክሌቴን በእርሻው መሐል እየገፋሁ ሄድኩ። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቅሉ ውሃ እንደተሞላ አጠገባቸው አለ። ሰላምታዬን ሰምተው አልሳቁም።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። ቀስ ብለው አስረዱኝ። በእነሱ ዘንድ አገሩ የተቀየመው ሰው አይሰደብም፣ አይመታም፤ ሰላምታ ብቻ ይነፈገዋል። ዓይናቸው ስለደከመ አዲሱን መንገድ አያዩትም። አብሬ አልሰፍርም ስላልኩ አውግዘውኛል ብለው ደምድመዋል፤ የደጃቸው መንገድ መታረሱንም የቅጣቱ አካል አድርገው ወስደውታል። በየጠዋቱ ግን ውሃ መሙላታቸውን አልተዉም፤ ምናልባት አንድ ሰው ቢምረኝ ብለው። «መንገዱን ያዞርኩት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «ኧረ እማማ፣ ሰዉ አዝመራ ይዞት ነው» አልኳቸው። ውሃቸውን ጠጥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩን ለመንኩት፤ መንገዱ በደጃቸው ይዙር፣ እኔው እቆፍራለሁ አልኩት። «ጓድ፣ ሪፖርቱ እኮ ሄዷል። ያመሰገኑህበትን መንገድ አፍርሼ ሠራሁ ልትላቸው ነው?» አለኝ። ልከራከረው እችል ነበር። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የፈራሁት አለቆቼን ብቻ አይደለም፤ ያ ትከሻዬን መታ መታ ማድረጉ እንዳይቀርብኝም ነው።

ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ሰው ለስብሰባ ተቀምጦ፣ እኔም ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ሳለ አሮጊቷ በምርኩዝ መጡ። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በዚያ አገር ሣር ይዞ የመጣ ምሕረት ሊለምን ነው። ሰዉ ግራ ተጋባ። ሊቀመንበሩ «እማማ፣ እርስዎ ምን አደረጉና?» ብሎ ሊጀምር ሲል አንድ ትልቅ ሽማግሌ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ሣር የያዘን ሰው «አልበደልክም» ብሎ መመለስ ልመናውን እንደመጣል ይቆጠራል። ሽማግሌው ተነስተው ሣሩን ነኩና «ይቅር ብለናል» አሉ። ሰዉም ተከትሎ «ይቅር ብለናል» አለ። አሮጊቷ አለቀሱ። ጎጆዬ ትፍረስ፣ እዚሁ መስመር ውስጥ አስገቡኝ አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተም ተቀይመኸኛል ልጄ። ያን ቀን ብቅ ብለህ፣ መልሰህ መምጣት ተውክ።»

ሣሩን ዘረጉልኝ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። በዳዩ እኔ ነኝ የሚለውን በኦሮምኛ አውቀው ነበር፤ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ያየኛል፤ ሊቀመንበሩም ያየኛል።

ሣሩን ነካሁና «ይቅር ብያለሁ እማማ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙኝ።