አስፕሪኑን የሰጠኋት እኔ ነኝ

ወባን አውቃለሁ ስል ጉራ አይደለም። በሠራዊቱ ሐኪምነቴ ዘመን ቆላ ለቆላ ስዞር ያከምኩት ወታደር ሁሉ የሚያመው ያው አንድ በሽታ ነበር፤ ከድንኳኑ ደጅ ሆኜ እንኳ እለየው ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን በሱዳን አድርጌ ባሕሩን ተሻገርኩ። መካ የሐጃጆች ማረፊያ ስጠብቅ ኖሬ፣ ኋላ ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ሆንኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ «ሐሪስ»፣ ዘበኛ ይላል። ሐኪም ነበርኩ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ማን ሊሰማኝ!

የፖሊስ አፈሳው የተጀመረ ሰሞን ሕንፃው ጭር አለ። ወረቀት የሌለው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ምድር ቤት ከተከራዩት ሁለት የወሎ ሴቶች አንዷ ወደ እኔ መጣች።

«ሐጂ፣ በአላህ ይድረሱልኝ፤ ጓደኛዬን ትኩሳቱ ሊገድላት ነው። ሙስተሽፋ ሄደን እንዳንታከም ኢቃማ የለንም። ከተያዝን ኸላስ፣ ተርሒል አስረው ወደ አገራችን መስደድ ነው።»

የታመመችው ከጅዳ ዳር፣ ከኦብሑር፣ ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ የመጣች ናት። ባዕድ ወንድ ሴቶች ክፍል ዘው አይልምና «ሐኪም ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ከስንት ዓመት በኋላ ከአፌ ሲወጣ ደስ አለኝ። እሷ እያቃሰተች እኔ ደስ አለኝ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ግንባሯን ዳሰስኩና «ወባ ነው» አልኩ። የወባ ኪኒንና አስፕሪን ገዝቼ፣ እንደ ወታደር ፊቴ አስዋጥኳት፤ ምላሷን ሳይቀር አስነስቼ አየሁ።

በማግስቱ ድዷ ደማ፤ ክንዷ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ። ከየት እንደመጣች የጠየቅኳት ገና ያኔ ነው። የደጋ ልጅ ናት፤ እስክትጠፋ ድረስም ሦስት ዓመት ሙሉ ከኦብሑር ወጥታ አታውቅም። ወባ ከየት ይምጣባት? የያዛት ጅዳ ውስጥ በታቆረ ውሃ የምትራባው ትንኝ የምታመጣው ደንጊ ነበር። አስፕሪን ደግሞ መድማቱን ያባብሰዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ ነገሬ።

«ሙስተሽፋ እንሂድ» አልኳት።

«ባዶ እጄን ተመልሼ ልጄን ምን ላበላው ነው? እዚሁ ልሙት።»

ተሸክሜ ታክሲ ውስጥ አስገባኋት።

ወጣቱ ሐኪም አስፕሪኑን ማን እንደሰጣት ጠየቀ። «እኔ» አልኩ። ሥራዬን ሲጠይቀኝ ኢቃማዬን አወጣሁለት። አነበበና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ማዓሌሽ፣ ግድ የለም፤ አንተ ከየት ታውቃለህ» አለኝ። ኢቃማዬን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። እንዳላዋቂ ተቆጥሬ ይቅር ተባልኩ። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዳነች። ከአልጋዋ እንደተነሳች ፖሊሶች ወስደው ወደ አገሯ ላኳት። ጓደኛዋም እጇን ሰጥታ ተከተለቻት፤ ምድር ቤቱ ባዶ ቀረ።

ከወራት በኋላ ያቺ ታማ የነበረችው ከአገሯ ደወለች። ልጇን አተኩሶታል።

«ምን ኪኒን ልስጠው፣ ዶክተር? ነፍሴን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሳይመረመር ምንም አትስጪው።»

«እርስዎ እያሉልኝ?»

ያኔ ነገርኳት። ያደማሽ እኔ የሰጠሁሽ ኪኒን ነው፤ በፖሊስ የተያዝሽውም በእኔ ጥፋት ነው አልኳት። የልጁ ለቅሶ ይሰማኝ ነበር። «እሺ፣ እወስደዋለሁ» አለችና ዘጋችው። ልጁ ይዳን አይዳን አላወቅሁም፤ ዳግም አልደወለችም።