የጋሽ ባፈና ነጥብ

ጋሽ ባፈና ሾላ ገበያ አጠገብ፣ ከኔ ጫማ ሱቅ ቀጥሎ፣ ሠላሳ ዓመት የነሐስ ማኅተም በእጁ ቀርጿል። በእያንዳንዱ ማኅተም ጠርዝ ላይ በማጉያ መነጽር ብቻ የምትታይ ነጥብ ይተው ነበር። «ይቺን ከኔ እጅ በቀር ማንም አይሠራትም» ይለኛል። እኔም አምኜው ነበር።

በ2005 ዓ.ም. መገናኛ ላይ ማኅተም በሌዘር ጨረር የሚቀርጽ ሱቅ ተከፈተ። ጨረሩ እጅግ ባጠረ ምት ስለሚመታ ነሐሱ ሳይግል፣ ከፀጉር በቀጠነ መስመር ይቀረጻል ተባለ። ባፈና ግትር ነው፤ ሄዶ ለማየት እንኳ ተጠየፈ።

በዓመቱ ሁለት ሰዎች በነጭ መኪና መጡና አንድ ማኅተም ፊቱ አስቀመጡ።

«የእርስዎ ሥራ ነው?»

በማጉያው ነጥቧን ፈልጎ አገኛት። ደረቱን ነፍቶ «የኔ ነው» አለ።

ይህን ጊዜ ሌላ ማኅተም አጠገቡ አኖሩ። እሱ ከመሥሪያ ቤት የመጣው እውነተኛው ነበር። የመጀመሪያው የተገኘው የእንጦጦን መሬት በሐሰተኛ ካርታ ከሚሸጡ ሰዎች ቤት ነው አሉት። ነጥቧ ሁለቱም ላይ አለች። ባፈናን አስረው ወሰዱት።

ንዴቱ አላስቀምጥ አለኝ። የእድራችን ጸሐፊ ነኝና ባፈና የቀረጸልንን ማኅተም፣ ጥሎት ከሄደው ማጉያ ጋር ይዤ ወደ ሌዘሩ ሱቅ ወጣሁ። «ልክ ይህን የሚመስል ሥሪልኝ» አልኳት እዚያ የምትሠራዋን ልጅ። የፈቃድ ደብዳቤ እንኳ ሳትጠይቀኝ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሠርታ ሰጠችኝ። በማጉያው አየሁት። ነጥቧ አለች።

ባፈናን የማስፈታበት ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ሁለቱን ማኅተሞች ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ነጯ መኪና በሩ ላይ ቆማለች።

«ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ» አለኝ ባፈናን ከወሰዱት ሁለት ሰዎች አንደኛው፣ በትሕትና።