መብራት ሲመጣ

ዛሬ ሶዶ፣ ቢሮ ውስጥ፣ መብራት እንደ መጣ ከጠረጴዛዬ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ገሱባ ያለው የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። አያቴ ከመሞታቸው በፊት የነገሩትን የቤተሰባችንን ታሪክ በወላይትኛ የጻፈው አሮጌ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። «መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀይ» ይለኝ ነበር። «መጥፋቱስ ምንም አይደል፤ አመጣጡ ነው የሚያስፈራው።» መብራት መምጣቱ ምኑ እንደሚያስፈራ አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዬን ሳለሁ ዝናብ ጣለ፤ መብራትም ጠፋ። ጣሪያችን ያፈስ ስለነበር ሮጬ ኮምፒውተሩን በላስቲክ ሸፈንኩት፤ በላዩ ደግሞ የእናቴን ጋቢ ደረብኩበት። አንድ ጠብታ እንኳ አልነካውም። ሶኬቱን ግን ረሳሁት።

መብራት ሲመጣ ከጎረቤት ልጆች ጋር «መጣ!» ብዬ ጨፈርኩ። ወዲያው ከጋቢው ሥር ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ይኸው ሽታም ቤቱን ሞላው።

አባቴ አልተቆጣኝም። ኮምፒውተሩን ሶዶ ወስዶ ጠጋኞቹ የሚተርፍ ነገር እንደሌለ ነግረውት ሲመለስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና፣ «አባቴ የሞቱት ገና ዛሬ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈም።

ቢሮው ውስጥ ሁሉም «መጣ!» እያለ ያጨበጭባል። እኔ ጠረጴዛዬ ሥር ተንበርክኬ ሶኬቱን ይዣለሁ። ዛሬም የነቀልኩት ከመጣ በኋላ ነው።